ግማሽ ላይ ሩብ ሲጨመር ያንሳል እንዴ?

ባለፈው ፈተና 1/2 + 1/4 = 2/6 ብዬ ጽፌ ኤክስ ሆነብኝ። እናቴ ገሱባ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች፤ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ስነግራት ሳቀችብኝ። «ግማሽ ኪሎ ላይ ሩብ ጨምረሽ ከግማሽ አነሰ? እንዲህ ሒሳብ ብቀበልማ እከስር ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። 2/6 ማለት 1/3 ነው፤ ከግማሽ ያንሳል። ግማሹ ግን ሁለት ሩብ ነው፦ 2/4 + 1/4 = 3/4፤ ማለትም 750 ግራም።

በእኔ አስተያየት «ታህቱን አመሳስሉ» የሚለውን መሸምደድ ብቻ አይበቃም። መምህሮቻችን ሚዛን ክፍል ይዘው ቢገቡ ደስ ይለናል። እኛም መልስ ከመጻፋችን በፊት «ይሄ ገበያ ላይ ያስኬዳል?» ብለን እንጠይቅ። እናቶቻችን ሳይማሩ የሚያውቁትን እኛ ሰባተኛ ክፍል ደርሰን መሳት የለብንም።