ቁጥሩን ምን በደለን?

አደጋ በደረሰ ቁጥር አየር መንገዶች ቀድመው የሚያሰናብቱት የበረራ ቁጥሩን ነው። የማሌዥያው ኤምኤች 370 እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2014፣ 239 ሰው ይዞ ከጠፋ ሳምንት ሳይሞላው ኤምኤች 318 ተባለ። ለሐዘንተኛው ክብር ነው ይሉናል፤ ይሁን። ግን ቁጥር እኮ የመስመር መለያ ነው፤ ኢቲ 500 ዋሽንግተን ይሄዳል፣ 501 ይመለሳል፣ በቃ። ክንፍ የለው፣ ሞተር የለው!

የላየን ኤር 610 በኦክቶበር 2018 ሲከሰከስ 189 ሰው አለቀ። ቦይንግ ማክስ ግን ከአራት ወር በላይ መብረሩን ቀጠለ። ማርች 10 ቀን 2019 የኛው ኢቲ 302 ከ157 ነፍስ ጋር ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። ቁጥር ለመቀየር ቀናት፣ አውሮፕላን ለማቆም ሁለተኛ እልቂት?

302ን እርሱት የሚለንን አንሰማም። ቤተሰቦች ቺካጎ ላይ ቦይንግን የከሰሱበት መዝገብ እንኳ የሚጠራው በዚሁ ቁጥር ነው።