ብርሃን ተሸካሚው መስመርና የዳሪሙ ወረዳ

በቡና ምርቱ በሚታወቀው የኢሉባቦር ዞን ዳሪሙ ወረዳ የመረጃ ፍጥነት የገበያም የትምህርትም ጉዳይ ሆኗል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠቱ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ገንዘብን በስልክ ማዘዋወሩ ለዚህ ማሳያ ናቸው። አገልግሎቱ ግን ሊፈጥን የሚችለው መረጃን የሚሸከመው ብርሃን እስከሚደርስበት ድረስ ነው።

ፋይበር የፀጉር ያህል የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። መረጃው በአንድ ጫፍ ወደ ሌዘር ብልጭታ ተለውጦ በሌላው ጫፍ ወደ ኤሌክትሪክ ይመለሳል። መስታወቱ በበቂ ከጠራ ብርሃን መልእክትን ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል በ1966 እ.ኤ.አ. ያመለከቱት ቻርልስ ካኦ በ2009 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀው መቱ ይህ የሰከንድ 3 ሺኛ ማለት ነው። በአንጻሩ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት የሚላክ ጥያቄ መልሱን ይዞ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት ርቀው የሚገኙ ወረዳዎችን ያገናኘው በሳተላይት ነበር። የፕላዝማ ትምህርትም እንዲሁ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር፤ ተማሪው ያዳምጣል እንጂ መጠየቅ አይችልም ነበር። ያም ሆኖ ሳተላይቱን መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ ገመድ መቅበር ዓመታት በሚጠይቅበት ወቅት ሌላ ፈጣን አማራጭ አልነበረም።

ፋይበሩ በሚያበቃበት ከተማ መረጃው ወደ ሬዲዮ ሞገድ ተለውጦ ከማማ ወደ ማማ ይሻገራል። ማማዎቹ ሳይጋረዱ መተያየት ስላለባቸው ኮረብታና ደን በበዛበት፣ ዝናቡም ከባድ በሆነበት ኢሉባቦር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ዋናው መስመርም ቢሆን ከስጋት ነፃ አይደለም። ከጅማም ሆነ ከነቀምት ወደ መቱ የሚወስዱት መንገዶች በደሌ ላይ ይገናኛሉ። መንገድን ተከትሎ የሚቀበር ገመድ ከበደሌ ወዲህ በመንገድ ሥራ ማሽን ቢቆረጥ፣ ሌላ መስመር ከሌለ ከዚያ ወዲያ ያሉት ከተሞች በሙሉ ይቋረጣሉ። በመሆኑም በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶዎች ላይ የሚዘረጋ ፋይበር አማራጭ መስመር ሆኖ ቢታሰብ የተሻለ ይሆናል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እንዲህ ያለውን ፋይበር ለቴሌኮም ኩባንያዎች ሲያከራይ ቆይቷል።

በበለጸጉት አገሮችም የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ የርቀቱ መጠን ነው። በመረጃ ማዕከላት የመዳብ ሽቦ ፍጥነቱ ሲጨምር ስለሚግልና ኃይል ስለሚያባክን፣ ብርሃኑን ወደ ቺፑ ማቅረብ ተጀምሯል። ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመጋቢት 2017 ዓ.ም ብርሃንን ከቺፑ አጠገብ የሚያደርስ የኔትወርክ መሣሪያ ያስተዋወቀ ሲሆን፣ የኃይል ብቃቱን 3 ነጥብ 5 እጥፍ እንደሚያሻሽልም ገልጿል። ስሌቱን ራሱን በብርሃን ለመሥራት የሚደረገው ምርምርም ቀጥሏል። ይሁንና ብርሃንን አቁሞ ማስቀመጥ አስቸጋሪ በመሆኑ የማስታወሻው ሥራ አሁንም በኤሌክትሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለዳሪሙም ቢሆን ኤሌክትሪክ ወሳኝ ነው። የመስታወት ክሩ ኃይል ባይፈልግም በጫፉ ያለው መሣሪያና ማማው ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ነው፤ ለጄኔሬተሩ የሚያስፈልገው ነዳጅ ደግሞ በክረምት ጭቃ በሚሆነው መንገድ ተጭኖ መድረስ ይኖርበታል።