ባልደራስነትን የናቀ ጦጣ

በአገራችን ቤተ መንግሥት ባልደራስ መባል የተከበረ ማዕርግ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። በቻይና አፈ ታሪክ ግን በዚሁ ሹመት ሰበብ ሰማይን ያናወጠ አንድ ጦጣ አለ፤ ስሙም ሱን ዉኮንግ ይባላል። ከድንጋይ የተወለደ፣ 72 ዓይነት መልክ የሚለዋውጥ፣ አንድ ጊዜ በአየር ላይ ሲገለበጥ 108 ሺህ ሊ የሚወነጨፍ ብልጥ ፍጡር ነው፤ ሊ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የቻይና የርቀት ልክ ነው። ከባዱን የብረት ዘንጉን ሲያሻው እንደ መርፌ አሳንሶ በጆሮው ውስጥ ይደብቀዋል።

የሰማዩ ንጉሠ ነገሥት ይህን አስቸጋሪ ጦጣ ለማባበል ጠርቶ የፈረሶቹ ጠባቂ አድርጎ ሾመው። እርሱም ደስ ብሎት ፈረሶቹን ቀን ከሌት ሲንከባከብ ከቆየ በኋላ በአንድ ግብዣ ላይ «ማዕርጌ ስንተኛ ነው?» ብሎ ባልንጀሮቹን ጠየቀ። ማዕርግ የሌለው ሹመት መሆኑን ነገሩት። ቀድሞ በቻይና ጦጣ በጋጣ ውስጥ ቢታሰር ከፈረስ በሽታ ይከላከላል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር የሹመቱ ስም ራሱ ቀልድ ነበረበት። ጦጣው ጠረጴዛውን ገልብጦ ወጣ፤ ራሱንም «ሰማይን የሚተካከል ታላቅ ጠቢብ» ብሎ ሰየመ። ስሙ ቢጸድቅለትም ሥራና ደመወዝ አልነበረውም። ሥራ ፈት እንዳይሆን የኮክ አትክልት ቦታ ጠባቂ ቢያደርጉት ዕድሜ የሚያረዝመውን ኮክ በላባቸው። (ይህን ሹመት ያሰበው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።) 100 ሺህ የሰማይ ጦር ዘመተበት። በመጨረሻም ቡድሃ ከተራራ ሥር 500 ዓመት አሰረው።

ከእስራቱ የተፈታው አንድን መነኩሴ እስከ ህንድ አጅቦ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዲያመጣ ነበር። መነኩሴው ሹዋንዛንግ በታሪክ የነበረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ645 ከህንድ ተመልሷል። ልብ ወለዱ «ወደ ምዕራብ ጉዞ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1592 በናንጂንግ ታትሟል። በመጽሐፉ ውስጥ መነኩሴው ጸሎት ሲደግም የሚጠብቅ የወርቅ ቀለበት በጦጣው ግንባር ላይ ተደርጎበታል፤ ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ደካማ ሰው አፍ ሥር ዋለ።

ከታሪኩ ሁሉ እኛን የሚነካን የአጥንቷ አጋንንት ነገር ነው። አጋንንቷ በመጀመሪያ ምግብ የያዘች ወጣት፣ ቀጥላ አሮጊት፣ ኋላም ሽማግሌ መስላ መጣች። ጦጣው ሦስቱንም ጊዜ አውቋት መታት። መነኩሴው ግን የንጹሐን ሰዎች ደም ፈሰሰ ብሎ አመነና የስንብት ደብዳቤ ጽፎ አባረረው። ጦጣው እጅ ሊነሣ ቢጎነበስ ጌታው ፊቱን አዞረበት። ያን ጊዜ ከፀጉሩ ሦስት ነቅሎ ሦስት መሰሎቹን ፈጠረና በአራቱም አቅጣጫ ከበው ሰገዱለት፤ መነኩሴው የሚያመልጥበት ወገን አጣ። ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ የምትተርኩ እናቶች እዚህ ላይ ድምፃችሁን ዝቅ ብታደርጉ ይገባዋል። ሊለይ ሲልም ለአንዱ ጓደኛው «አጋንንት ጌታችንን ቢይዘው እኔ የበኩር ደቀ መዝሙሩ መሆኔን ንገራቸው» ብሎ አደራ ሰጠው።

ጌታው በእርግጥ በተያዘ ጊዜ ተጠርቶ ተመለሰ። በመንገዱም ወደ ባሕር ወርዶ ታጠበ፤ መነኩሴው ንጽሕና ስለሚወድ የአጋንንት ሽታ ይዤበት አልሂድ ብሎ ነው።

ይህ ጦጣ በቻይና የኦፔራ መድረክ በትውልዶች ተወርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በቴሌቪዥን በቀረበው ተከታታይ ፊልም የተጫወተው ሊዩ ሺያዎ ሊንግ ቶንግ ጦጣ መሆንን ከአባቱ የተማረ የተዋንያን ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1964 በሻንጋይ የተሠራው ባለ ሁለት ክፍል የካርቱን ፊልም ግን በጦጣው ድል ያበቃል፤ እስራቱም ቀለበቱም የሉበትም። ፊልሙ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ያለ ቀለበቱ ግማሹን ጦጣ ብቻ ያየን መስሎን ቅር ይለናል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው «ድራጎን ቦል» የተባለው የሥዕል ታሪክ ጀግና ጎኩ ስሙን ከእርሱ ወስዷል፤ ጭራውና የሚረዝመው ዘንጉም የዚሁ ጦጣ ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የወጣው «ብላክ ሚዝ፦ ዉኮንግ» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ በሦስት ቀን ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

በመጽሐፉ መጨረሻ ጉዞው አብቅቶ ሁለቱም የቡድሃነት ማዕርግ ሲያገኙ ጦጣው መነኩሴውን «እንግዲህ ቀለበቱን አላላልኝ» ብሎ ለመነው። መነኩሴውም «ራስህን ዳስስ» አለው። ጦጣው እጁን ወደ ግንባሩ ቢያነሣ ቀለበቱ የለም።