ጠብታውን ዓይናችሁ ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት

መሳቢያችሁ ውስጥ ተከፍቶ የተቀመጠ የዓይን ጠብታ አለ? አውጡትና በላዩ የተጻፈውን ስም አንብቡ። ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ዓይናችሁን መርምሮ ያዘዘላችሁ ሐኪም ከሌለ አትጠቀሙበት፤ ለልጃችሁ አትጨምሩለት፤ «እኔን ሽሎኛል» ብላችሁ ለጎረቤት አታውሱ። ሐኪም አዝዞላችሁ ከሆነ በታዘዘው ቀን ልክ ተጠቀሙ፤ ቀጠሮም አትዝለሉ። በራሳችሁ ፈቃድ ለወራት ስትጨምሩ የቆያችሁ ደግሞ የዓይናችሁን ግፊት ሳታስለኩ ይህን ሳምንት አታሳልፉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀላል ሕመም ነው። በጋው በርትቶ የባሕር ዳር አቧራ ሲነሳ፣ ባጃጅ ሲያሽከረክር የዋለውም፣ በብስክሌት ሲመላለስ የዋለውም፣ ምጣድ ጥዳ ጭስ ሲጨናብሳት ያረፈደችውም ማታ ላይ የሚሉት አንድ ነው፦ «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለኛል፤ ያቃጥለኛል፤ ይቆረቁረኛል።» በማግስቱ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ተብሎ «ለሚቀላ ዓይን የሚሆን ጠብታ» ይጠየቃል። ከመደርደሪያው ፀረ ባክቴሪያና ስቴሮይድ የተቀላቀሉበት ብልቃጥ ይወርዳል። በሁለት ቀን ቅላቱም ማቃጠሉም ጥፍት ይላል። ሰውየው ፈዋሹን መድኃኒት ያገኘ መስሎት ሲያልቅበት ሌላ ይገዛል፤ ለወዳጁም ስሙን ይነግራል።

ጉዳቱ የሚገባው በዚህ መሀል ነው። ስቴሮይድ በአንዳንድ ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግፊቱ አያምም፤ አያቀላም። ዝም ብሎ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳል፤ እይታም ከዳር ከዳር እየጠበበ ይመጣል። ይህ ግላኮማ ነው፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የዓይን ሞራም ያመጣል። ከቅላቱ ጀርባ ያለው ሄርፒስ ቫይረስ ወይም በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ገለባ ወግቶት የገባ ፈንገስ ከሆነ ደግሞ፣ ስቴሮይዱ የሰውነትን መከላከያ አስተኝቶ በሽታውን ያስፋፋዋል፤ ብሌኑም ይቆስላል።

ብዙው ቆርቋሪ ዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ የማያስፈልገው የዓይን ድርቀት ነው። «የኔ ዓይን እኮ እንባው አላቆም አለ፤ እንዴት ደረቀ ይባላል?» የሚል ይኖራል። እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ከሥር ዓይን ላይ የሚያጣብቀው ዝልግልግ ነገር፣ መሀል ላይ ውኃው፣ ከላይ ደግሞ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅቤ ውኃው እንዳይተን የሚሸፍነው ስስ ዘይት አለ። ዘይቱ የሚመነጨው ከዓይን ቆብ ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ከተደረደሩ ትንንሽ ዕጢዎች ነው። ዕጢዎቹ ሲደፈኑ ውኃው ቶሎ ይተናል፤ የዓይኑ ገጽ ይራቆታል። የተራቆተው ዓይን ሲቆጣ አንጎል ብዙ ውኃ እንዲፈስ ያዝዛል። ይህ የቁጣ እንባ ዘይት የሌለው በመሆኑ ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይኑን አያረጥብም። ስለዚህ ነፋስ ሲነካው የሚያነባ ዓይን የደረቀ ዓይን ሊሆን ይችላል።

የሚያደርቀው ምንድን ነው? ሰው ባይጠቅስ ኖሮ ዓይኑ ይነድ ነበር፤ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል እንጠቅሳለን። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ስናፈጥ ግን ቁጥሩ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ስንጠቅስም ቆባችን በደንብ ሳይገጥም ይመለሳል። ሌሊት ተኝቶ ስልክ የሚያይ ተማሪ ጠዋት ዓይኑ የሚቀላው ለዚህ ነው። የማገዶና የኩበት ጭስ፣ ነፋስ፣ የቢሮ ማራገቢያ ይጨመሩበታል። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይም ሴቶች የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ ድርቀቱ ይበረታል። የአለርጂ ክኒን፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ ሽንት የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒትም ያደርቃሉ። ስኳር ያለበት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለበት ሰው ለሐኪሙ ይናገር። ዓይኑ ከአፉ ጋር አብሮ የሚደርቅበት፣ ደረቅ ዳቦ ያለ ውኃ የማይወርድለት ሰው ሾግረን የሚባል የሰውነት በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ምርመራው አያስፈራም። ጫፏ የታጠፈች ቀጭን ወረቀት የታችኛው ቆብ ላይ ትንጠለጠላለች፤ 5 ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትቆያላችሁ። እንባው ወረቀቷን 5 ሚሊ ሜትር እንኳ ካላራሰ የውኃው እጥረት ከባድ ነው። ቢጫ ቀለም ተጨምሮም የእንባው ሽፋን በስንት ሴኮንድ እንደሚበጣጠስ ይታያል፤ ከ10 ሴኮንድ በታች ከሆነ ሽፋኑ ደካማ ነው።

ሕክምናውም ከቤት ይጀምራል። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክሩና ጨምቁ፤ በእጅ አንጓችሁ ፈትኑት፤ ካላቃጠላችሁ የተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አኑሩት፤ ሲበርድ እንደገና አሙቁት። ከዚያ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ የረጋው ዘይት እንዲወጣ ነው። በየቀኑ፣ ለሳምንታት። ከመድኃኒት ቤት የምትጠይቁት ደግሞ ሰው ሠራሽ እንባ ነው፤ ሃይፕሮሜሎስ ወይም ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ የሚል ይጻፍበታል። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምትጨምሩ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ምረጡ፤ ኬሚካሉ ራሱ ዓይን ያቆስላል። ብልቃጡ ከተከፈተ ከአንድ ወር በኋላ ይጣል። ቅላት ብቻ የሚያጠፉ፣ የደም ሥር የሚያጠብቡ ጠብታዎችን አትልመዱ፤ ስታቆሟቸው ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ባጃጅና ሞተር የምትነዱ መነጽር አድርጉ። ጭሱ መውጫ ይበጅለት።

የጣና ዓሣ ድርቀት ያድናል ሲባልም ትሰሙ ይሆናል። ዓሣው ለጤና መልካም ነው፤ ብሉት። የዓሣ ዘይት እንክብል ግን በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ 535 ሕመምተኞች ለአንድ ዓመት በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ከወይራ ዘይት የበለጠ አልጠቀመም። ለእንክብሉ ብላችሁ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

አሁን ደግሞ ድርቀት መስለው የሚያዘናጉንን ሁለት በሽታዎች ልንገራችሁ። ሁለቱም ደጃችን ያሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ትራኮማ ነው። በ2005 እና በ2006 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ የአማራ ክልል ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዘመቻ በታደለው፣ አዚትሮማይሲን በተባለው መድኃኒት ብዙ ወረዳ ቀሎለታል፤ በልጅነታቸው የተያዙት እናቶቻችን ግን ጠባሳውን ተሸክመው ይኖራሉ። ጠባሳው የቆቡን ዕጢዎች ገድሎ ዓይንን ያደርቃል፤ ቆቡንም ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ያኔ ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ብሌኑን ይፍቃል። እናታችሁ «ይቆረቁረኛል» ሲሉ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ፀጉሩ ዓይናቸውን ይነካ እንደሆነ ተመልከቱ። ወረንጦ ይዘው ሲነቅሉ ካያችሁ መልሱን አገኛችሁት። የተነቀለው መልሶ ያድጋል፤ ተሰብሮ የቀረው ጉቶ ደግሞ ብሶ ይቧጭራል። ለዚህ ጠብታ አይበጅም። የሚበጀው ቀዶ ሕክምና ነው፤ በማደንዘዣ ባጭር ጊዜ የሚሠራ፣ የሠለጠኑ ነርሶችም በጤና ጣቢያ የሚሠሩት ነው። ልጆቹም ፊታቸው ይታጠብ፤ ዓይናር ያለበት ፊት የዝንብ ማረፊያ ነው፤ ዝንቡም ሜዳ ላይ በቀረ ዓይነ ምድር ይራባል።

ሁለተኛው ቀን አይሰጥም። ሲመሽ ዕቃ የሚያደናቅፈው፣ ከጓደኞቹ ቀድሞ ከጨዋታ የሚገባ ሕፃን ዳፍንት ይዞት ሊሆን ይችላል። የዓይኑ ነጭ ድምቀቱን አጥቶ ደርቆ ከታየ፣ ጎኑ ላይ አረፋ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ካለበት፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። በተለይ ኩፍኝ የያዘው ወይም ተቅማጥ ያመነመነው ልጅ ብሌኑ በቀናት ውስጥ ሊሟሟና ሊፈርስ ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ፤ ባለሙያው የቫይታሚኑን እንክብል በመጠኑ ይሰጠዋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ ሳይታመሙም በየ6 ወሩ ሊወስዱት ይገባል። ገበታው ላይ ጎመን፣ ካሮት፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ እንቁላል፣ ጉበት ይኑር፤ ጎመኑና ካሮቱ ጥቂት ዘይት ይንካቸው።

በሐኪም ቦታ የምንተካቸውንም ተጠንቀቁ። የጡት ወተት፣ የተጨመቀ ቅጠል፣ ማር በታመመ ዓይን ውስጥ አይግባ፤ ጀርም ይዘው ይገባሉ። ወንዛዬ ፍል ውኃ የምትወርዱ ገላችሁን ታጠቡ፤ የቆሰለ ወይም የቀላ ዓይናችሁን ግን አትንከሩበት። ጠበል የምትጠመቁም ሕክምናችሁን አታቋርጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

የሚከተሉት ከታዩ ደግሞ ነገ አይባልም፦ እይታ ከቀነሰ፤ ከባድ ሕመም ካለ፤ ብርሃን ማየት ካቃተ፤ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከወጣ፤ እንጨት ወይም ገለባ ከወጋ፤ ኬሚካል ወይም ኖራ ከገባ። ለኬሚካሉና ለኖራው መጀመሪያ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳታቋርጡ እጠቡ፤ ከዚያ ሩጡ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ ራቅ ያላችሁ ቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችም ድርሻ አላችሁ። ያልተመረመረ ዓይን ይዞ ለመጣ ሰው ስቴሮይድ ስትሸጡ፣ ሰውየው ደስ ብሎት ቢሄድም ጉዳቱን ይዞ ነው የሚሄደው። «አይሆንም፤ መጀመሪያ ታይ» ማለት ገበያ ያሳጣ ይሆናል፤ የሰው ዓይን ግን ያተርፋል። ገዢዎችም ብልቃጡ ከመጠቅለሉ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስቴሮይድ አለበት? ለስንት ቀን ነው? ካልተሻለኝ ማንን ልይ? መልሱን ያላወቀ ሰው ከሸጠላችሁ ገንዘባችሁን መልሳችሁ ተቀበሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ከቃጠሎው በኋላ ለጠፋ ብርሃን የሚሸጥ ጠብታ የለም።