ያረጀውን የቤት አውቶሞቢል ስለ ማሻሻል

ብልህ ሰው ቤቱን ሲያድስ አስቀድሞ ምሰሶውን ይመረምራል እንጂ ግድግዳውን ቀለም በመቀባት አይጀምርም። ያረጀ አውቶሞቢሉን ለማሻሻል የሚያስብም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል። መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፥ በየቤቱ የቆየው አውቶሞቢል ገና ብዙ ዘመን እንዲያገለግል ግድ ሆኗል። ስለዚህ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድን።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ «ዲኤክስ» እየተባለ የሚጠራውን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ እንውሰድ። የማሻሻሉ ነገር ሲነሣ ጐልማሳው ልጅ ሰፊ ቸርኬ፥ የሚጮኽ ማርሚታና ዝቅ ያለ ሞላ ይመኛል። የቤቱ እመቤት ግን ሕፃናቱን ይዘው ከኋላ የሚቀመጡ ስለ ሆኑ፥ «ይህ ነገር በጊዜው ይቆማልን?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ የእመቤቲቱ ነው እንላለን።

አንደኛ፤ ፍሬን። የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሙቀት ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ያህል ሊፈላ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አለው። በዚያ ላይ ፍሬኑን ሳያነሣ ረግጦ የሚወርድ ሰው፥ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ቢሆንበት እግሩ ባዶ ነገር ረግጦ ይቀራል። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ፥ የደረቁትን ጎሚኒዎች ማስቀየር፥ ሸራውን ማስመርመር፥ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ መውረድ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ጎማ። በጎማው ጎን ከታተመው የፋብሪካ ምልክት መጨረሻ ያሉት 4 ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃልና፥ ነጋዴው «አዲስ ነው» ቢልም ቁጥሩን ማንበብ ይበጃል።

ሦስተኛ፤ ቀበቶ። ትከሻንና ወገብን በሦስት ነጥብ የሚይዘውን ቀበቶ የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ካወጣው ወዲህ እጅግ ብዙ ነፍስ ድኗል። በአሮጌ አውቶሞቢል ግን የኋላው ወንበር ብዙ ጊዜ ቀበቶ የለውም። ሲያስገቡትም በስስ ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን በጠነከረው አካል ላይ ያስሩት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ተብሏልና።

አራተኛ፤ መብራት። ለ60 ዋት በተዘረጋ ሽቦ ላይ 100 ዋት አምፑል ቢያስገቡ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፑል ማግባትም ብርሃኑን በትኖ ከፊት የሚመጣውን ነጂ ዐይን ያጭበረብራል። የተሻለው የደበዘዘውን መስተዋት መለወጥና ሽቦውን በሪሌይ ማደስ ነው።

ሞተር ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ቤንዚን ያበዛል፤ ጉልበቱ ይደክማል፥ ጭሱም ይጠቁራል። ካርቡራተሩን ለአገሩ አየር ማስተካከል ከሚጮኽ ማርሚታ እጅግ ይልቃል። ሞላ ቆርጦ ማሳጠር ግን ሆዱን ለድንጋይ መስጠት ነው።

እንግዲህ ልጁንም አናሳዝነው፤ የጎማውን ቁጥር እርሱ ያንብብ፥ ከመካኒኩም አጠገብ ቆሞ ይማር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ቢተርፍ፥ ቸርኬውን ቢያሳምር አንነቅፈውም።