«ጨዋማ ገንዳ ነው፣ ክሎሪን የለውም» ሲሏችሁ

ክረምቱ አልፎ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ልጆች «ዋና ውሰዱን» ማለታቸው አይቀርም። ታዲያ በዚህ ወቅት ብዙ ወላጆች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የልጄ ቆዳ ቶሎ ይቆጣል። ጨዋማ ገንዳ ክሎሪን የለውም አሉኝ፤ እዚያ ብወስደው አይሻልም?»

እውነቱን ልንገራችሁ፦ ጨዋማ ገንዳም ክሎሪን አለው። ሊኖረውም ይገባል!

በእንዲህ ያለ ገንዳ ውስጥ ያለው ጨው በአንድ ሊትር ውሃ 3 ግራም ገደማ፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ይህ ጀርም አይገድልም። የባሕር ውሃ እንኳ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይዞ ጀርም ይኖርበታል። ገንዳውን የሚያክመው ማሽኑ ነው፤ በኤሌክትሪክ ከጨው ክሎሪን ያመርታል። ውሃው ለቆዳና ለዓይን ለስለስ ሊል ይችላል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን መብራት ከጠፋ፣ ማሽኑ ከቆሸሸ ወይም ጨው ካነሰ ክሎሪን አይመረትም።

የክረምት ዝናብ ደግሞ ጨዉን ያቀጥነዋል፣ አፈርና ቅጠልም ያስገባል። ስለዚህ ወቅቱ ሲመጣ ጨው በከረጢት መድፋት ብቻውን ዝግጅት አይባልም። ማጣሪያው መታጠብ፣ ማሽኑ ላይ የተጋገረው ነጭ ቆሻሻ መጽዳት፣ ከሁሉም በላይ ውሃው መለካት አለበት።

በእኔ እምነት ገንዳ ከፍቶ ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ የዕለቱን ልኬት በር ላይ መለጠፍ አለበት። እስኪለጥፉ ድረስ ግን እናንተ ጠይቁ፦

1. ክሎሪኑ ዛሬ ስንት ነው? ቢያንስ 1 ፒፒኤም (በሊትር 1 ሚሊ ግራም)፤ ፀሐይ እንዳያጠፋው ማረጋጊያ ከተጨመረበት ቢያንስ 2።

2. ፒኤቹስ? ከ7.0 እስከ 7.8። በጨዋማ ገንዳ ከፍ ከፍ ማለት ይወዳል፤ ሲበዛ ክሎሪኑ ይዳከማል።

3. ወለሉ ይታያል? ወለሉ የማይታይበት ገንዳ ውስጥ የሰመጠ ልጅም አይታይም።

የእኛም ድርሻ አለ። ዓይን የሚያቃጥለው ኃይለኛ ሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ክሎሪን ከሽንትና ከላብ ጋር ሲገናኝ ነው። ልጆቻችሁን ሽንት ቤት ወስዳችሁ፣ ሻወር አስወስዳችሁ አስገቧቸው። ተቅማጥ ያለበት ልጅ በፍጹም አይግባ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ተሕዋስ በደንብ ክሎሪን ባለው ውሃ እንኳ ከ7 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል።

ግቢያችሁ ውስጥ ገንዳ ያላችሁ ደግሞ፦ አሲድና ክሎሪን አትቀላቅሉ፣ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ሥራውን የሚሠራው ዘበኛችሁ ከሆነ ይህን ንገሩት፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽርም ግዙለት።

መጠየቅ ነውር አይደለም። ምግብ ቤት ውስጥ ቆሻሻ ብርጭቆ ቢመጣላችሁ ትመልሱ የለ? ልጅ ሲዋኝ ውሃውን ይጎነጫል። ልኬቱን ማሳየት ካልቻሉ፣ ልጁ ቢያለቅስም ይዛችሁት ተመለሱ።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩልኝ።