ጎንደር እኮ ታሪክ ነው!

የግንቦት ልደታ ዕለት ልደታ ማርያም ተሳልሜ ስመለስ፣ እዚያው ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የምትኖር እህቴ ዘንድ ለቡና ጎራ አልኩ። ልጇ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ፣ ለብቻዋ ትንከተከታለች።

"ምን ያስቅሻል?"

"ልብ ወለድ ነው ጋሼ!"

ታሪኩን አወራችኝ። የዛሬ ዘመን ሴት ስኮትላንድ ውስጥ አንድ አሮጌ ግንብ ስትጎበኝ በሆነ በር ትገባና ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ትወረወራለች። የግንቡ ጌታ ሽንሽን ቀሚስ የታጠቀ ቁጡ ጎረምሳ ነው፤ ዚፕ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ከዚያማ ጭቅጭቅ፣ ሳቅ፣ ፍቅር...

"ግንብ ከሆነ ጎንደርስ ምን አላት?" አልኳት።

"ጋሼ ደግሞ! ጎንደር እኮ ታሪክ ነው!"

ይቺ መልስ አንጀቴን አሳረረችው። ግን ልጅቷን ምን ብዬ ልቆጣ? ታሪክ ማለት ወይ የሚፈተኑበት ወይ የሚሰዳደቡበት ነገር ነው ብለን ያሳደግናት እኛው ነን። ታሪካዊ ልብ ወለድ የለንም አልልም፤ አለን። ነገር ግን ነገሥታቱ ሲፎክሩ እንጂ ሲያፍሩ፣ ሲሽኮረመሙ፣ በፍቅር ሲጃጃሉ ስንቴ አየን? አንዱ ደፍሮ በንጉሥ ትንሽ ቢያስቀን "አባቶቻችንን አዋረደ!" ብሎ የሚነሳው ጠበቃ ብዛቱ!

ነገሩ እኮ ጎንደር ሞልቷል። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው በአገሩ ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፣ ያስታመመቻቸውን ቆንጆም አገቡ ይባላል። ምንትዋብ ናት። በካፋ ሲሞቱ እቴጌዪቱ ከባላቸው ዘመድ፣ በዕድሜ ከሚያንሳቸው ከኢያሱ ጋር ሦስት ሴት ልጆች ወለዱ። አገሬው ዝም አላለም፤ ሰውየውን "ምልማል ኢያሱ" አለው። ይኼን የትኛው ፈረንጅ ፈጠረልን?

ስኮትላንዳዊ ካልገባበት ለሚልም አለን። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አከመ፤ የምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ አስቴርም ወዳጁ ሆነች። ጠመንጃዬን በጥይት ፈንታ የሞራ ሻማ አጉርሼ ስተኩስ ሦስት ጋሻ በሳሁ ብሎ ጽፏል። አውሮፓ ሲመለስ እጮኛው አልጠበቀችውም፣ የጣሊያን መኳንንት አግብታለች፤ ባልየውን ካልተጋጠምን አለ። ሀበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል ሲል ደግሞ ለንደን ውሸታም አለችው። (እዚህ ልደታ አንዱን ሉካንዳ ቢያሳዩአቸው ኖሮ ምስክር አያጣም ነበር።) ያን ሁሉ በረሃና ጦርነት የተረፈው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1794 አንዲት ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ስኮትላንድ ገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

"ታሪክ ማቃለል ነው" የምትሉ ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። የምትወዱት አያታችሁን ስታስታውሱ የሚያስቃችሁ ነገር የለም? ልጆቻችን ሳቅና ፍቅር ያላዩበትን ግንብ ነገ በምን አንጀታቸው ይጠብቁት? ጎንደር ድረስ ምን አስኬደኝ! የድሮው ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ ይኼ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ማን ተረቱን፣ ቀልዱን፣ በአጥር ቀዳዳ የተላከውን ደብዳቤ ጻፈው? ይቺ ልጅ ሦስት መቶ ዓመት ይቅርና ሃያ ዓመት ብቻ ወደ ኋላ ብትወረወር የእናቷን ግቢ አታውቀውም።

ይኼን ሁሉ ስደሰኩር ቡናው ቶና ደረሰ። ልጅቷ ቀና አለች።

"ጋሼ፣ አስቴር ግን ባል ነበራት?"

"ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸዋ። ያኔ ሰባ አልፏቸዋል።"

"ውይ! ከዚያስ?" አለችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።